ወደ ግራ የተወቀረ ድንጋይ

ሄምሎክ ወንዝ፣ ኦንታሪዮ
ጃንዋሪ 9 ቀን 1967

ውድ ወንድሜ ኤኖስ፣

ሐሙስ ዕለት ውርጩ የደጃፋችንን ድንጋይ ከመሬት ፈንቅሎ አነሣው። ዓርብ ዲያቆን ዩራያስ ከልጆቹ ጋር መጥቶ በአጣና ገለበጠው፤ አሁን ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ በረዶው ላይ ተኝቷል።

ሰላምታ ሳላስቀድም ወደ ድንጋይ በመሮጤ ይቅር በለኝ። እንደምን ከርማችኋል? ሄልጋን ጉንፋኑ ለቀቃት? እኔ ደህና ነኝ፣ ላሟም ደህና ናት፣ የደረቀው ፖም እስከ ፋሲካ ይበቃኛል። ጽሕፈቴ ቢንጋደድብህ ብዕሩ ነው።

በገና ካርድህ ለጠየቅኸኝ መልሱ፣ አዎ፣ እውነት ነው። የወንዙ መሥሪያ ቤት ግድባችንን በጸደይ ሊያፈርሰው ነው። ግድቡ ከሄደ ወፍጮውም ይሄዳል። መሠረቱን የተሸከሙት ግንዶች ያልበሰበሱት ዕድሜያቸውን ሙሉ ውሃ ውስጥ ስለኖሩ ነው፤ ከደረቁ አይቆዩም። የቀረው መንገድ አንድ ነው። ወረዳው ለአገሪቱ መቶኛ ዓመት መታሰቢያ የሚሆን ነገር እየፈለገ ስለሆነ ወፍጮውን ከነግድቡ ተረክቦ ሊጠብቀው ፈቃደኛ ሆኗል። ነገር ግን የግድቡ አንዱ ጫፍ በእኛ ዳርቻ፣ ሌላው በጋቪን ታሎክ ዳርቻ ነው ያረፈው። ስለዚህ የእኔና ያንተ ፊርማ አይበቃም፣ የእሱም ያስፈልጋል። የወረዳው ምክር ቤት ማርች 14 ቀን ተሰብስቦ ይወስናል።

ጋቪን ግን እምቢ ብሏል። የወረዳው ጸሐፊ ቤቱ ድረስ ሄዶ ቢለምነው፣ «ክሌመሮች ያ ወፍጮ ከየት እንደመጣ በአፋቸው ሲነግሩኝ ያን ጊዜ እፈርማለሁ» አለው አሉ፤ እኛን ማለቱ ነው። ጸሐፊው «ሽማግሌው ሳይጃጅ አልቀረም» አለኝ። እኔም እስከ ዓርብ ድረስ እንደዚያው አስብ ነበር። ወፍጮ ከየት ይመጣል? ቅድመ አያታችን ዮስት ከፔንስልቬኒያ በጋሪ መጥቶ፣ የራሱን ጎጆ እንኳ ሳይከድን፣ ዛሬ ባለበት ቦታ ወፍጮውን እንደተከለ እኛ ቤት ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ የሚጠና ነገር ነው።

ወደ ድንጋዩ ልመለስ። አባባ «የመጀመሪያው የወፍጮ ድንጋይ ነው፣ ተሰብሮ ተጣለ» ይለን የነበረው ትዝ ይልሃል? አልተሰበረም። ስንጥቅ እንኳ የለውም። ፊቱ ወደ ምድር ስለነበር የተወቀሩበት ትልሞች ዛሬም ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ያስገረመኝ አካሄዳቸው ነው። ወፍጮ ቤት ካሉት ድንጋዮች ጋር ሳስተያያቸው የተገለበጡ ይመስሉኛል። ከአባባ ጋር ስትወቅር ያደግህ አንተ ነህና ንገረኝ፤ የተሳሳተው ዓይኔ ነው ወይስ ድንጋዩ?

እህትህ ፍሮኒ


ሳስካቸዋን
ጃንዋሪ 18 ቀን 1967

እትዬ ፍሮኒ፣

ሄልጋ ድናለች። መዳኗን ያወቅሁት ደብዳቤሽን ከእጄ ነጥቃ ካነበበች በኋላ «የእናንተ ቤት ሰው ለድንጋይ ሦስት ገጽ ይጽፋል፤ አንተ እኔን ስታጭ ግማሽ ገጽ ነበር የጻፍህልኝ» ስትለኝ ነው።

ዓይንሽን ከመክሰስሽ በፊት እጅሽን ጠይቂ። አባባ ያስተማረኝ እንዲህ ነው። ቀኝ መዳፍሽን የድንጋዩ እምብርት ላይ አሳርፊ፣ ጣቶችሽን ዘርጊ፣ ከዚያ በትልሙ እየተመራሽ ወደ ጠርዙ ጎትቺ። ጣቶችሽ በተፈጥሯቸው ወደሚታጠፉበት ከሄዱ ድንጋዩ ወደ ቀኝ የሚዞር ነው፣ የእኛ ነው። አልመች ካለሽ በግራ እጅሽ ሞክሪ። ግራሽ ከተመቸው ድንጋዩ የተወቀረው ወደ ግራ ለሚዞር ወፍጮ ነው።

ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስልሽ። ትልሙ ዱቄቱን ከመሐል ወደ ዳር እየገፋ የሚያወጣው ድንጋዩ በተወቀረለት አቅጣጫ ሲዞር ብቻ ነው። ወደ ሌላው ከዞረ ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ እህሉ ይታፈንና ያርራል። እንዲህ ያለ ድንጋይ አዲስ ፊት ካልወጣለት በስተቀር ለደጃፍ ነው የሚሆነው። የእኛዎቹ ወደ ቀኝ የሚዞሩት ውሃው የሚያዞረው መዘውር ከወንዙ በዚህኛው ዳርቻ ስለተተከለ ነው። ያንኑ ወፍጮ አንሥተሽ ማዶ ብታቆሚው ሁሉም ነገር እንደ መስታወት ምስል ይገለበጥና ድንጋዩ ወደ ግራ ይዞራል። ይህን የምጽፍልሽ ለነገሩ ያህል ነው፤ ማዶ ወፍጮ ኖሮ አያውቅም፤ ማዶ ያሉት የታሎክ በጎች ናቸው።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። የወፍጮው ምድር ቤት ግንዶች ላይ ምንም የማይገባባቸው ባዶ ቀዳዳዎች አልነበሩም? አራት ማዕዘን፣ በመሮ የተጠረቡ። የበቆሎ ቆረቆንዳ እየከተትንባቸው «የአይጥ ፖስታ ቤት» እንላቸው ነበር። አናጢ የማይጠቀምበትን ቀዳዳ ለምን ይጠርባል? እስቲ መብራት ይዘሽ ውረጂና እያቸው። ደግሞም ትልሙ ስለቱ እንዳለ ነው ወይስ ደንዝዟል? ስለት ካለው ገና ሳይሠራ የተጣለ ነው፤ ከደነዘዘ ግን ብዙ እህል ፈጭቷል።

ብዕሩ ነው ያልሽኝን አላመንሁም። ፊደሎችሽ በሙሉ ወደ ታች እየወረዱ ነው። ምን ሆነሻል?

ወንድምሽ ኤኖስ


ሄምሎክ ወንዝ
ጃንዋሪ 30 ቀን 1967

ውድ ኤኖስ፣

የተመቸው ግራ እጄን ነው። ሁለት ጊዜ ሞከርሁ፤ በሁለተኛው ጊዜ ዩራያስ እያየኝ ስለነበር አፈርሁ። ትልሙ ደንዝዟል፤ ጥፍሬ እንኳ አይይዝለትም። ብዙ ፈጭቷል ማለት ነው።

የአይጥ ፖስታ ቤቱም እንዳለ ነው። አንዱ ቀዳዳ ውስጥ ያንተ ቆረቆንዳ ይሁን የእኔ የማላውቀው አንድ ቆረቆንዳ አገኘሁ። ቀዳዳዎቹን ተከትዬ ስሄድ ገባኝ። ዛሬ ወለል የተሸከመው ግንድ ድሮ ግድግዳ ነበር፤ ዛሬ ግድግዳ የሆነው ደግሞ ጣራ ተሸክሞ ያውቃል። ወፍጮ ቤታችን ሌላ ቦታ ቆሞ፣ ተፈትቶ፣ እንደገና የተገጠመ ቤት ነው። ይህን ለዩራያስ ብነግረው ባርኔጣውን ደፍቶ «ድንጋይ ድንጋይ ነው፣ ፍሮኒ። ግንድም ግንድ ነው» ብሎኝ ሄደ። ስለ ጎመን ሲጠየቅ እንኳ ከዚህ ይረዝም ነበር መልሱ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጋቪን ታሎክ በበረዶው ላይ ወንዙን ተሻግሮ መጣ። በሕይወቴ ወደ ደጃችን ሲመጣ አላየሁትም። ድንጋዩ መገልበጡን ሰምቶ ነው። በትሩን ተመርኩዞ ዙሪያውን ሲዞረው ቆየና፣

«ይኸው ነው እንግዲህ» አለ።

«ምኑ?» አልሁት።

«የእግሩ ዱካ።»

ካልነገርሁህ አይገባህም፤ እኔም አሁን ነው የሰማሁት። ታሎኮች ቤት በግ ሲጠፋ፣ መነጽር ሲጠፋ፣ ካልሲ ሲጠፋ «ከክሌመሮች ወፍጮ ጋር ሄዷል» ይባላል። ወፍጮው አንድ ክረምት ተነሥቶ በእግሩ ሄደ ነው የሚሉት። ልጆቻቸውም የሚያድጉት ይህን እየሰሙ ነው።

የሞላሰስ ኬክ ስለነበረኝ ግባ አልሁት። «ደረጃ የሌለው ቤት አልገባም፤ ጉልበቴን ነው የምወድደው» አለኝ። ሲሄድ ግን ዞር ብሎ «ወይዘሪት ክሌመር፣ ቅዳሜ ቦቲ ጫማ አድርገው ይምጡ። የማሳይዎ አለኝ» አለ።

እሄዳለሁ። የሚነግረኝን ለማወቅ የምጓጓው ልክ እንደ ልጅነታችን፣ አባባ የወፍጮውን መክደኛ ሲያነሣ ሥር ሥሩ እየገባን እንደምናየው ያለ ጉጉት ነው። ስለ ጽሕፈቴ የጠየቅኸውን በሚቀጥለው እመልሳለሁ።

ፍሮኒ


ሳስካቸዋን
ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1967

እትዬ ፍሮኒ፣

ፖስት ካርድሽ ደረሰኝ። «ሄጄ አየሁ፣ ጥቂት ቀን ስጠኝ» ብቻ ይላል። ሄልጋ ካርዱን ወደ መስኮቱ ይዛ «ምናልባት በወተት የተጻፈ ይኖር ይሆን?» አለችኝ። የሳቅሁት ለእሷ ብዬ ነው።

ያየሽውን ባትነግሪኝም መገመት አያቅተኝም። ማዶ መሠረት አለ። ወፍጮው ከዚያ ነው የመጣው። ልክ ነኝ?

ልክ ከሆንሁ ስሚኝ። ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም። ያኔ የነበሩት ሁሉ መቃብር ገብተዋል፤ ማን ማንን እንደበደለ እነሱ ተነጋግረው ጨርሰው ይሆናል። አሁን ያለነው እኔና አንቺ ነን፤ ያለን ደግሞ ወፍጮው ነው። ጋቪን ለምንድን ነው በአፋችን እንድንናገር የፈለገው? እኛ «ከአንተ ዳርቻ የመጣ ነው» ካልን እሱ «እንግዲያስ የእኔ ነው» ማለት ምን ይከብደዋል? ምክር ቤቱ ፊት ሁለት ባለቤት ከቆመ ወረዳው ጣጣ ውስጥ አይገባም፤ ትቶት ይሄዳል፤ ግድቡም ይፈርሳል። እስከ ማርች 14 ዝም በይ። ድንጋዩን መልሰሽ ድፊው። ከተፈረመ በኋላ የፈለግሽውን ንገሪው፤ እኔም በሁለት እጄ እፈርምልሻለሁ።

ይህን ስጽፍ እንደማይመቸኝ ታውቂያለሽ። እዚህ ልጆቼን ስለ ዮስት እየነገርሁ ነው ያሳደግኋቸው። መጀመሪያ የያዘውን መሬት ሲወስዱበት ፍርድ ቤት ያልሄደ፣ ቃል ያልተናገረ፣ ዳርቻውን ትቶ በሌላው የጀመረ ሰው። ከቤተ ክርስቲያናችሁ ወጥቼ ሉተራዊት ሳገባ እንኳ ይዤው የወጣሁት ነገር እሱ ነው።

ኤኖስ


ሄምሎክ ወንዝ
ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1967

ውድ ኤኖስ፣

ልክ ነህ። መሠረቱ አለ።

ጋቪን የበጎቹን መጠለያ በር ከፍቶ ጭዱን በመንሽ ገፍቶ አሳየኝ። አራት ማዕዘን የድንጋይ መሠረት፣ ከጎኑ መዘውር የሚዞርበት ጠባብ ጉድጓድ፣ ከዚያ ወደ ወንዙ የሚወርድ በድንጋይ የተገነባ ቦይ። በልጅነታችን ከዚህ ዳር ሆነን የምናየው፣ አባባ «የታሎኮች የኖራ ምድጃ ነው» የሚለን እሱ ነው። የኖራ ምድጃ ቦይ ምን ያደርግለታል? እኔም ይህን ሳልጠይቅ ሰባ ዓመት ሞላኝ።

ጋቪን ከአባቶቹ የሰማው ይህ ነው። ዮስት ሲመጣ አገሩ ገና አልተቀየሰም፣ ሰው የወደደውን ዳርቻ ይይዝ ነበር። የውሃው መውደቂያ በማዶ ስለሚሻል ወፍጮውን እዚያ ተከለ፤ ጥቂት ዓመትም ፈጨበት። በኋላ መንግሥት ቀያሽ ላከ። መስመሩ ወንዙን ተከትሎ ሄደና ማዶው ከስኮትላንድ ለመጣው ለጋቪን ቅድመ አያት፣ ለኢዋን ታሎክ ደረሰ። በመሬት ላይ የቆመ የመሬቱ ነው፤ በሕግ ወፍጮው የኢዋን ሆነ። ከዚህ ውስጥ እኛ የምናውቀው መሬቱ መወሰዱን ብቻ ነው፤ ወፍጮ እንደቆመበት አልተነገረንም። ጨርሶ የማናውቀው ደግሞ ከዚህ ይጀምራል።

ኢዋን ዮስትን አላባረረውም። «አንተ ሠራኸው፣ አንተ ፍጭ፤ የሚገኘውን እንካፈላለን» አለው። ዮስት አልመለሰለትም። አዎም አላለ፣ እምቢም አላለ። ኢዋን ዝምታውን እሺታ መስሎት ሚስቱን ከወደብ ሊያመጣ ሄደ፤ ሴትዮዋንም «ወፍጮ አለኝ» እያለ ነው ያመጣት። በጸደይ ሲመለሱ የጠበቃቸው ጉድጓድ ነው። ግንዱ ተፈትቶ፣ ድንጋዩ በበረዶው ላይ ተጎትቶ፣ ወፍጮው ከእኛ ዳርቻ ቆሟል። ሴትዮዋ ጉድጓዱን አየችና «ጥሩ ወፍጮ ነው፤ ድምፅ የለውም» አለች ይላሉ።

ያን ያህል ግንድ አንድ ሰው አያሻግርም፣ ኤኖስ። የቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ ሁሉ ፈረሱን አምጥቶ ረድቶታል። ዩራያስ ለምን ባርኔጣውን እንደደፋ ያኔ ገባኝ። የእሱም ቅድመ አያት ገመድ ይዞ ነበር።

ጋቪን ተረኩን ጨርሶ አየኝ። አንድ ነገር እንድመልስለት ነበር የፈለገው። እኔ ምን አልሁ መሰለህ? ምንም። «በጎችህ ወፍረዋል» ብዬ ተሻግሬ መጣሁ። ልክ እንደ ዮስት። ካርዱ ላይ ያልጻፍሁልህ ይህንን ነው።

ከተፈረመ በኋላ ንገሪው ትለኛለህ። ቀኑን ቁጠረው። ፋሲካ ዘንድሮ ማርች 26 ነው፤ ከጌታ እራት በፊት ያለው የምክክር ጉባኤ ማርች 12፣ እሁድ ይውላል። ምክር ቤቱ ከሚሰበሰብበት ማክሰኞ በፊት ማለት ነው። አንተ ረስተኸው ይሆናል፣ እኛ አሁንም እናደርገዋለን። ዲያቆኑ በየወንበሩ እየዞረ «ከእግዚአብሔርና ከጎረቤትሽ ጋር ሰላም አለሽ?» ይለኛል። ሰላም የሌለው ዳቦውን አይቀበልም። ከተጠመቅሁ ጀምሮ «ሰላም አለኝ» እያልሁ ኖሬያለሁ። ዘንድሮ ምን ልበል? ከማክሰኞ በኋላ ይኖረኛል ልበል?

ጽሕፈቴን በተመለከተ፤ ድንጋዩ ሲፈነቀል እላዩ ላይ ነበርሁ። ቀኝ አንጓዬን ነው ያመመኝ፣ አልተሰበረም፣ በግራዬ ነው የምጽፍልህ። እንዳትመጣ ብዬ ነው የደበቅሁህ። እየተሻለኝ ነው።

ከጸሎት ቤታችን በር አጠገብ ያለችው አጭር ወንበር ትዝ ትልሃለች? ስለ እሷ አባባ ምን ይልህ እንደነበር ጻፍልኝ።

ፍሮኒ


ሳስካቸዋን
ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1967

እትዬ፣

ስለ እጅሽ ልቆጣሽ ነበር። ሄልጋ ቀድማኝ ተቆጥታልሻለች፤ ገጽ ሙሉ ጽፋለች፣ አብሮ ይደርስሻል።

ወንበሯ ትዝ ትለኛለች። የዮስት ወንበር። ዛሬም ድረስ ማንም አይቀመጥባትም ብዬ እገምታለሁ። የስምንት ወይም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ስንወቅር አባባን ጠይቄው ነበር። «ዮስት በጌታ እራት ዳቦው ከመዞሩ በፊት ተነሥቶ ይወጣ ነበር፤ ወፍጮ ያለው ሰው ውሃውን ማየት አለበት» አለኝ። እኔም አመንሁ። ሃምሳ ዓመት አመንሁ። ለልጆቼም «ዮስት በበዓል ቀን እንኳ ሥራውን የማይረሳ ሰው ነበር» እያልሁ ነገርኋቸው።

ደብዳቤሽን ካነበብሁ በኋላ ጎተራ ውስጥ ቁሜ እጄን አየሁት። ከመውቀሪያው የተፈናጠረው ብረት ዛሬም ከቆዳዬ ሥር ሰማያዊ ነጥብ ሆኖ አለ። አባባ እጅ ላይም እንዲሁ ነበር። ቅዳሜ ማታ እጁን ታጥቦ የሚሠራው የመጨረሻ ሥራ ምን ነበር? የቦዩን መዝጊያ ማውረድ። የጌታ እራት የሚከበረው እሁድ ነው፣ ፍሮኒ። እሁድ ቦዩ ዝግ ነው። እሁድ የሚታይ ውሃ የለም።

አባባ ይህን ያውቅ ነበር፤ በገዛ እጁ እየዘጋው ያንን ይነግረኝ ነበር። ሁለታችንም እናውቅ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ሁለቱን ነገር አጠገብ ለአጠገብ አላስቀመጥናቸውም።

ስለዚህ ዮስት ሲጠየቅ «ሰላም አለኝ» አላለም ማለት ነው። ገመድ የያዙት ሁሉ ዳቦውን ሲበሉ እሱ ብቻ እስኪሞት ድረስ እየተነሣ ወጣ። ለጉባኤው ያልዋሸውን ለኢዋን ታሎክ አንድ ቃል ሊነግረው አልቻለም። ወንዙ ደግሞ ጠባብ ነው፤ ድንጋይ ብትወረውሪ ይሻገራል። ይህን ሰውዬ እስከ ዛሬ አላውቀውም ነበር። ከበፊቱ ይልቅ ማወቅ የምፈልገው አሁን ነው።

ንገሪው። ግን በወጥ ቤቱ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ንገሪው። ምክር ቤት ፊት አይሁን።

ኤኖስ


ሄምሎክ ወንዝ
ማርች 6 ቀን 1967

ውድ ኤኖስ፣

ነገርሁት። ድንጋዩም ማዶ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ የወንዙ በረዶ ገና ጠንካራ ሳለ የዩራያስን ፈረሶች ለመንሁት። «ለምን ጉዳይ?» አለኝ። «ያንተ ቅድመ አያት ያሻገረውን ልመልስ ነው» አልሁት። ልጓሙን ከግድግዳው አወረደና «ፈረሶቹን እኔ ነኝ የምነዳቸው» አለ። በሸርተቴ ጎትቶ አሻገረው፣ ጋቪን ደጅ አራገፈው፣ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ተመለሰ።

ጋቪን ወጥ ቤት የአጃ ቂጣና ሻይ አቀረበልኝ። ቂጣው ጥርስ ይፈትናል።

«ቅድመ አያቴ ወፍጮውን ከእናንተ ዳርቻ ወሰደ» አልሁት።

«ሳይጠይቅ?»

«የተጠየቀው እሱ ነበር። አልመለሰም።»

ሻዩን እያማሰለ ቆየ። «ከአያቴ ጀምሮ የኖራ ምድጃ ነው ስትሉን ኖራችሁ» አለ።

«ይቅርታ አድርግልኝ።»

«ለምኑ? ወፍጮው ሲሄድ አልተወለድሽም።» እዚህ ላይ አንቺ አለኝ፤ የወይዘሪትነቴ ነገር በዚያው ቀረ።

«ለምድጃው ነው። እሱን እኔም ብያለሁ።»

ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። ከዚያ አንተ የፈራኸውን ጠየቅሁት፤ ወፍጮውን የእኔ ነው ትላለህ ወይ አልሁት። «ምን ላደርገው? በጎቼ ዱቄት አይበሉም» አለ። የሚፈልገው ሌላ ነው። ወረዳው በወፍጮው በር ላይ የሚሰቅለውን ሰሌዳ ጽሑፍ ጸሐፊው አሳይቶታል፤ «በአቅኚው ዮስት ክሌመር በዚህ ቦታ የተተከለ» ይላል። ጋቪን «መጀመሪያ በማዶ የተተከለ፣ ከታሎኮች ዳርቻ የተወሰደ» ተብሎ ካልተጻፈ አልፈርምም ብሏል።

አንተ እንዳይከብድህ አስቤ፣ «የተዛወረ ቢባልስ?» አልሁት።

«የሚዛወር አስተማሪ ነው» አለ። «ወፍጮ ይወሰዳል።»

እኔ በዚህ ቃል ተስማምቻለሁ። ነገር ግን ወፍጮው የሁለታችን ነው፤ ምክር ቤቱም ያለ አንተ ፈቃድ ቃሉን አይለውጥም። በወጥ ቤት ብቻ ይሁን ብለኸኝ ነበር። አልሆነም። እሱም በአባቶቹ ወጥ ቤት ሲወራ የኖረውን በወጥ ቤት ሊቀበለኝ አልፈለገም። ሰሌዳው ከተሰቀለ ልጆችህ አንድ ቀን መጥተው ያነብቡታል። ካልተሰቀለ የሚያነብቡት ግድግዳ አይኖርም። ወረቀቱን አብሬ ልኬልሃለሁ፤ ፖስታ ስለሚዘገይ ግን እሺታህን ወይም እምቢታህን በቴሌግራም አድርገው። አንዱን ብቻ፤ ዝም ግን አትበለኝ።

ስወጣ ጋቪን ቀድሞኝ ወጥቶ ድንጋዩን በአጣና እየገፋ በደጃፉ ላይ ሲያስተካክል አገኘሁት። ትልሙን ወደ ላይ አድርጎታል። «ልጆች ይሰናከሉበታል» አልሁት። «ይሰናከሉና ይጠይቁ» አለኝ።

እሁድ ዩራያስ እኔ ዘንድ ደርሶ ሲጠይቀኝ የራሴን ብቻ ብመልስ «ሰላም አለኝ» ማለት እችላለሁ። የክሌመሮችን ለመመለስ ግን ያንተ ቃል ያስፈልገኛል። ቴሌግራምህ እስከ ቅዳሜ ካልደረሰኝ በሩ አጠገብ ካለችው ከዮስት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ሴት በማትቀመጥበት በወንዶች ወገን መሆኗን አውቃለሁ። ምክር ቤቱ ማክሰኞ፣ ማርች 14፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይሰበሰባል።

እህትህ ፍሮኒ